አምስት ጊዜ ተሸንፎ እንደገና መወዳደር ምን ይባላል?

የሣር ቤቱ ልጅ፦
ሰላም ለሁላችሁ። የካቲት 8 ቀን 2017 ዓ.ም. ለአፍሪካ ኅብረት ስብሰባ መንገድ ተዘግቶብን ታክሲ ውስጥ ታጉረን ነበር። የኬንያው ፖለቲከኛ ራይላ ኦዲንጋ ለኅብረቱ ኮሚሽን ሊቀመንበርነት ተወዳድሮ በጅቡቲው ማህሙድ አሊ ዩሱፍ መሸነፉን የሰማሁት እዚያው በሬዲዮ ነው። ሹፌሩ «ይሄ ሰውዬ እዚህም ድረስ መጥቶ ተሸነፈ?» ሲል ተሳፋሪው ሁሉ ሳቀ፤ እኔም ስቄያለሁ። በኋላ ሳነብ ለካ ለኬንያ ፕሬዚዳንትነት አምስት ጊዜ ተወዳድሮ (በ1997፣ 2007፣ 2013፣ 2017 እና 2022 እ.ኤ.አ.) አንዴም አልቀናውም። እኛ ጋ ፕሬዚዳንት የሚመርጠው ምክር ቤት ስለሆነ ይሆናል ነገሩ ያልገባኝ። ሰው ስንት ጊዜ ሲሸነፍ ነው «በቃኝ» የሚለው? ናይሮቢ የኖራችሁ እስቲ አስረዱኝ።

ሹፌሩ ከቨርጂኒያ፦
እዚህማ የተለመደ ነው። ኒክሰን በ1960 በኬኔዲ ተሸንፎ በ1968 ገባ። ባይደን ለ1988ም ለ2008ም ሞክሮ ዕጩነቱን እንኳ አላገኘም፤ በ2020 አሸነፈ። እኔ ራሴ መንጃ ፈቃድ ያወጣሁት በአራተኛው ነው፣ ማንም አልሳቀብኝም።

ባለምጣዷ ከኢስሊ፦
የሣር ቤቱ፣ ወንድሜ፣ መሳቅህን አልቀየምም፤ እኛም ስቀናል። ናይሮቢ ኢስሊ ሰፈር እንጀራ እየጋገርኩ ስሸጥ 20 ዓመት አለፈኝ። አንተ የቆጠርከው ሽንፈቱን ነው፤ እኔ ደግሞ ከየሽንፈቱ በኋላ ያገኘውን ልቁጠርልህ።

በ1997 ሦስተኛ ወጣ፤ ቆይቶ በፕሬዚዳንት ሞይ ካቢኔ የኢነርጂ ሚኒስትር ሆነ። በ2002 እሱ ራሱ መወዳደሩን ትቶ «ኪባኪ ቶሻ» አለ፣ ኪባኪ ይበቃል እንደማለት ነው፤ ኪባኪ አሸነፉ።

2007ን ግን እንዲህ በቀላሉ አላልፈውም። ውጤቱን ሦስት ቀን ጠበቅን። አመሻሽ ላይ ኪባኪ አሸነፉ ተብሎ ቤተ መንግሥት ግቢ ውስጥ ሲምሉ በቴሌቪዥን አየን፤ ከዚያ በኋላ በተነሳው ብጥብጥ ከ1,000 በላይ ሰው አለቀ። የራይላ ደጋፊዎች በሚበዙበት የናይሮቢ ሰፈር ኪቤራ ውስጥ የባቡር ሐዲዱን ሳይቀር ነቀሉት። ጓዳዬ ውስጥ ሁለት ባልዲ ሊጥ ነበረኝ። መብራቱም አለ፣ ምጣዱም አለ፣ ከቤቱ ወጥቶ የሚገዛ ሰው ግን የለም። ሊጡ ሽታው እስኪለወጥ ጠብቄ ደፋሁት። እስካሁን ምርጫ ሲቃረብ ሰው ዱቄትና ጋዝ ያከማቻል፣ እኔ ሊጥ እቀንሳለሁ።

ከዚያ ኮፊ አናን መጥተው አስማሙና ራይላ ጠቅላይ ሚኒስትር ሆነ። በ2017 ፍርድ ቤት የፕሬዚዳንት ኡሁሩ ኬንያታን ድል ሰረዘለት፤ በድጋሚው ምርጫ አልገባም ብሎ ቀረና በጥር 2018 ኡሁሩ ፓርክ ላይ «የሕዝብ ፕሬዚዳንት» ነኝ ብሎ ማለ። ሁለት ወር ሳይሞላ ከኡሁሩ ኬንያታ ጋር ተጨባበጠ። በ2022 በ233,000 ድምፅ ገደማ በዊሊያም ሩቶ ተበለጠ፤ በ2024 የፓርቲው ሰዎች የሩቶ ካቢኔ ገቡ፣ ገንዘብ ሚኒስቴርን ጭምር ያዙ።

ታዲያ ለምን «በቃኝ» ይል ነበር? ድርድር ላይ ይዞት የሚቀርበው ያንን ድምፅ ነበር። ባይወዳደር ማን ይጠራው ነበር?

ከሉሳካ የተመለስኩ፦
እህቴ፣ በዚህስ አልስማማም። የዛምቢያው ሂቺሌማ አምስቴ ተሸንፏል፣ በ2017 አገር ክህደት ተብሎ አራት ወር ታስሯል። ሹመት ቢፈልግ ኖሮ ቀድሞ ይስማማ ነበር። በ2021 በስድስተኛው ፕሬዚዳንት ሉንጉን ወደ 1 ሚሊዮን በሚጠጋ ድምፅ አሸነፈ። አንዳንዱ በእውነት ወንበሩን ነው የሚፈልገው።

የሣር ቤቱ ልጅ፦
እትዬ፣ እሱስ ሹመት አገኘ እንበል። የመረጡት ሰዎችስ ምን አገኙ?

ባለምጣዷ ከኢስሊ፦
የሉሳካው፣ ልክ ነህ፣ ሁሉም አንድ አይደለም። ራይላም ቢሆን ወንበሩን አልፈለገም አላልኩም፤ በሞይ ጊዜ ያለ ፍርድ ዓመታት የታሰረ ሰው ነው። የ2010ሩ ሕገ መንግሥትም ያለ እሱ ግፊት የሚመጣ አይመስለኝም።

የመረጡትን ለጠየቅከኝ፣ አንድ ፉንዲ አለ፣ እንደ ራይላ የሉኦ ብሔር ሰው፣ መደርደሪያዬን የሠራልኝ አናጢ። በ2007 የራይላ ፓርቲ ቀለም የሆነውን ብርቱካናማ ቆብ አድርጎ ነበር የሚመጣው። በ2013ም፣ በ2017ም ያው ቆብ፣ ከፀሐይ ብዛት ቀለሙ ለቆ። በ2022 ቆቡን አላየሁትም፣ ድምፁን ግን ለሱ ሰጠ። ምን አገኘህ ብዬው አላውቅም፤ እንደዚያ የሚጠየቅ ሰው አይደለም።

በጥቅምት 2025 የራይላ አስከሬን ከሕንድ የመጣ ቀን ፉንዲው የጓዳዬን በር እየሠራ ነበር። መዶሻውን አስቀምጦ፣ ከውጭ ቅጠል ቆርጦ፣ ከሰዉ ጋር ወደ አውሮፕላን ማረፊያው በእግሩ ሄደ። ተመልሶ የመጣው ከቀብሩ በኋላ ነው። «አሁንስ ማንን ትመርጣለህ?» አልኩት። ሚስማሩን ከከንፈሩ ላይ አንስቶ፣ «መጀመሪያ በሩን ልጨርስልሽ፣ ማማ» አለኝ።