የማምረት አቅም ሳይነካ ኢኮኖሚ የሚቀዘቅዘው ለምንድን ነው?

ጥያቄ፦
ስለ ንግድ ዑደት ባነበብኩ ቁጥር አንድ ነገር ግልጽ ሳይሆንልኝ ይቀራል። ኢኮኖሚው ለዓመታት ሲያድግ ይቆይና ድንገት ይቀዘቅዛል፤ ይሁን እንጂ ፋብሪካዎቹም ሆኑ ሠራተኞቹ ከነሙያቸው እዚያው አሉ። ታዲያ ምርት የሚቀንሰው ለምንድን ነው? አንዱ ድቀት በወራት ውስጥ ሲያልፍ ሌላው ለዓመታት የሚጎትተውስ በምን ምክንያት ነው?

መልስ 1፦
በእኔ እምነት የነገሩ ቁልፍ ያለው ኢንቨስትመንት ላይ ነው። ሰው ገቢው ቢቀንስም ምግብና የቤት ኪራይ አይተውም፤ ድርጅት ግን አዲስ ማሽን መግዛቱን ለከርሞ ሊያቆየው ይችላል። 100 ማሽኖች ያሉትና በየዓመቱ 10 ያረጁትን የሚተካ ፋብሪካ እንውሰድ። የምርቱ ፈላጊ በ10 በመቶ ሲጨምር ፋብሪካው ከምትኮቹ በተጨማሪ ሌሎች 10 ማሽኖች ስለሚያስፈልጉት ትእዛዙ 20 ይደርሳል። በሚቀጥለው ዓመት ፍላጎቱ ምንም ሳይቀንስ ባለበት ቢቆም ትእዛዙ ወደ 10 ይመለሳል። ፋብሪካው ከሽያጩ ያጣው ነገር የለም፤ የማሽን አምራቹ ገበያ ግን በግማሽ ወርዷል። አምራቹ ሠራተኛ ሲቀንስ የተቀነሱት ሰዎች ወጪያቸውን ይቀንሳሉ፣ እነሱ ይገዙባቸው የነበሩ ነጋዴዎችም ገቢያቸው ይጎድላል፤ የአንዱ ወጪ የሌላው ገቢ በመሆኑ ጉዳቱ ከመነሻው ይበልጥ እየሰፋ ይሄዳል። ስለዚህ ኢኮኖሚን ለመጉዳት ዕድገቱ መቆሙ ብቻ ሊበቃ ይችላል።

መልስ 2፦
ከላይ የተሰጠው ማብራሪያ መቀዛቀዙ እንዴት እንደሚስፋፋ በሚገባ ያሳያል፤ መነሻው ግን ብዙ ጊዜ ሌላ ቦታ ነው። እ.ኤ.አ. ከ1973 መጨረሻ ጀምሮ የነዳጅ ዋጋ በጥቂት ወራት ውስጥ አራት እጥፍ ገደማ ሲያሻቅብ የብዙ አገሮች የማምረቻ ወጪ አብሮ ናረ። ማዕከላዊ ባንክ ራሱ ድቀት የሚያስከትልበት ጊዜም አለ። በፖል ቮልከር ይመራ የነበረው የአሜሪካ ማዕከላዊ ባንክ የዋጋ ንረትን ለመግታት ወለድ እ.ኤ.አ. በ1981 ወደ 20 በመቶ አካባቢ እንዲደርስ አድርጓል። ንረቱ በእርግጥ ረገበ፤ ነገር ግን እ.ኤ.አ. በ1982 መጨረሻ ሥራ አጥነት 10.8 በመቶ ደርሶ ነበር። ያንን ዋጋ የከፈሉት በዋናነት ሥራቸውን ያጡት ሰዎች መሆናቸው ሊዘነጋ አይገባም።

መልስ 3፦
ስለ ቆይታው ላነሱት ጥያቄ የእኔ መልስ ዕዳ ነው። እ.ኤ.አ. ከ2008ቱ የገንዘብ ቀውስ በፊት በአሜሪካ ቤተሰቦች በቤት ዋጋ መጨመር ተማምነው ብዙ ተበድረው ነበር። የቤት ዋጋ ሲወድቅ ዕዳው ግን አብሮ አልወደቀም፤ ሰዎች ለዓመታት ከመሸመት ይልቅ ብድር መክፈልን አስቀደሙ፣ የተጎዱት ባንኮችም ማበደርን ፈሩ። በአሜሪካ እ.ኤ.አ. በጥቅምት 2009 10 በመቶ የደረሰው ሥራ አጥነት ወደ 5 በመቶ የተመለሰው እ.ኤ.አ. በ2015 ነው። በአንጻሩ እ.ኤ.አ. በ2020 በወረርሽኙ ምክንያት ከዚያ የከፋ ሥራ አጥነት ቢታይም፣ ባንኮች ስላልተናጉና መንግሥት የሰዎችን ገቢ በስፋት ስለደገፈ፣ ሁለት ዓመት ባልሞላ ጊዜ ውስጥ ወደ 4 በመቶ ገደማ ወርዷል።

የቆይታው ነገር የሚያሳስበኝ ጉዳቱ ከድቀቱ በኋላም ስለሚዘልቅ ነው። በክፉ ጊዜ ተመርቀው ሥራ የጀመሩ ወጣቶች ኢኮኖሚው ካገገመ በኋላም ለበርካታ ዓመታት ደመወዛቸው ዝቅ ብሎ ይቆያል፤ ከሥራ ርቆ የቆየም ሰው ሙያው ይዝጋል፣ ቀጣሪም ይሸሸዋል።

ጠያቂው፦
ሁላችሁንም ከልብ አመሰግናለሁ። መንግሥት ወጪውን በመጨመር ድቀቱን ማሳጠር የሚችል ከሆነ፣ ድጋፉን መቼ ማቆም እንዳለበት በምን ያውቃል?

መልስ 2፦
አስቸጋሪው ነገር ይኸው ነው፤ አኃዞች ዘግይተው ይደርሳሉ፣ ውሳኔም ውጤቱን የሚያሳየው ከወራት በኋላ ነው። ቸኩሎ ማቆም ምን እንደሚያስከትል ግን የአሜሪካ ታሪክ ይመሰክራል። እ.ኤ.አ. ከ1929ኙ የኢኮኖሚ ውድቀት በኋላ ኢኮኖሚው በማገገም ላይ ሳለ፣ እ.ኤ.አ. በ1937 መንግሥት ወጪውን ቀነሰ፤ ማዕከላዊ ባንኩም በዚያው ወቅት ባንኮች ሳያበድሩ ሊይዙት የሚገባውን መጠባበቂያ ገንዘብ በእጥፍ አሳደገ። ማገገሙ ተቋርጦ አገሪቱ እስከ 1938 አጋማሽ በዘለቀ ሌላ ድቀት ውስጥ ገባች።