ኢንኩሊናቲ ላይ እሳቱ መፈናፈኛ አሳጣኝ፣ እርዱኝ

ቀለም አለቀ (ጠያቂ)

ሰላም ጤና ይስጥልኝ። እዚህ ኢንኩሊናቲ የሚጫወት ሰው ካለ ይድረስልኝ፣ ደሜ ፈልቷል።

ለማያውቀው ባጭሩ፦ በመካከለኛው ዘመን የአውሮፓ ብራናዎች ኅዳግ ላይ ጸሐፊዎቹ የሚስሏቸው ጥንቸሎች፣ ውሾች፣ አህዮችና ቀንድ አውጣዎች የሚፋለሙበት፣ ተራ በተራ የሚኬድበት የስትራቴጂ ጌም ነው። ሕያው ቀለም የሚባል ነገር አለ፣ በሱ ፍጡራኑን እየሳልክ ገጹ ላይ ታሰልፋለህ። አንተን የሚወክል ትንሽዬ ጸሐፊም እዚያው ገጽ ላይ ይቆማል። እሱ ከሞተ አለቀ።

ያለሁት «ጉዞ» የሚባለው ክፍል ላይ ነው፣ ሞት የወሰደውን መምህር ፍለጋ የሚኬድበት። ተራ ውጊያዎቹን እወጣቸዋለሁ። ከሌላ ጸሐፊ ጋር ስፋጠጥ ግን ጉድ ይፈላል። ትንሹን ጸሐፊዬን ከኋላ፣ ጥግ ላይ እደብቀዋለሁ፣ ባለ ሰይፍ ውሾቼን ፊት አሰልፋለሁ፣ በጉልበትም በቁጥርም እየመራሁ ባለሁበት ሰዓት ከገጹ ዳርና ዳር እሳት ይነሳና ጸሐፊዬን ይለበልበዋል። ከእሳቱ ላወጣው ስል ደግሞ መንገዱን የዘጉት የራሴ ውሾች ናቸው!

ሌላው፣ ውሻው መጀመሪያ ላይ ርካሽ ነበር። አሁን ያንኑ ውሻ ለመሳል ብዙ ቀለም ይጠይቀኛል። ይሄ ነገር የጌሙ ብልሽት ነው ወይስ እኔ ያልገባኝ ነገር አለ? ጉዞውን ከመጀመሪያው ልጀምረው ወይስ ይዳናል?

ገፍታሪው

ወንድሜ፣ ብልሽት አይደለም። መሰልቸት ነው የሚባለው። አንድን ፍጡር በየውጊያው ደጋግመህ ከሳልከው ይሰለቻል፣ በሰለቸ ቁጥር ዋጋው ይወደዳል። ጌሙ ሆን ብሎ ነው የሚያደርገው፣ ሁሉም ሰው አንድ ጎበዝ ፍጡር ይዞ እስከ መጨረሻ እንዳይሄድ። ስለዚህ ውሻህን ለከባዱ ውጊያ አስቀምጠው። ቀላሉን ውጊያ በጥንቸል፣ በቀበሮ፣ ባገኘኸው ነገር ተወጣው። ቀላል ውጊያ ላይ ምርጥህን ማውጣት ብክነት ነው።

ስለ እሳቱ ደግሞ እውነቱን ልንገርህ፣ ጥግ ላይ መደበቅ የሚሉት ነገር እዚህ ጌም ላይ አይሠራም። እሳቱ ምጽዓት ነው። የተወሰኑ ዙሮች ካለፉ በኋላ ከዳር ተነስቶ ወደ መሃል ይገፋል። ውጊያው እንዳይንዛዛ የተደረገ ነገር ነው። ጥግ የያዘ ሰው መጀመሪያ ይቃጠላል፣ በቃ።

እና ግፋ! ሁሌም ግፋ! አንድን ጠላት ሰይፍ እየደጋገምክ ከምትገድለው ወደ ጠርዝ አስጠግተህ አንዴ ብትገፋው ከገጹ ይወድቃል፣ የቀረው ጉልበት ምንም ቢሆን ሞተ ማለት ነው። ጉልበቱ ሙሉ የሆነ ጠላት በአንድ ግፊያ ሲሰናበት እንደማየት የሚያስደስት ነገር የለም።

ቀለም አለቀ

እህትህ ነኝ፣ ግን ምክሩን ተቀብያለሁ። መግፋቱን አውቀው ነበር፣ ግን ጉዳት ስለማያደርስ ተራዬን ማባከን እየመሰለኝ እተወዋለሁ። ለካ ቁም ነገሩ እሱ ነው።

ገፍታሪው

ይቅርታ እህቴ! አዎ፣ ቁም ነገሩ እሱ ነው። አንድ ነገር ልጨምርልሽ፦ ግፊያ ለመግደል ብቻ አይደለም። እሳቱ ከተነሳ በኋላ ጠላትን ወደ እሳቱ መግፋትም ይቻላል። ገጹ ላይ ከሚለቀም የሕያው ቀለም ጠብታ ላይ ልታባርሪውም ትችያለሽ።

የጥንቸል አለቃ

እኔ በከፊል አልስማማም። ገፍታሪው ሁሌ ግፉ ግፉ ይላል፣ ግን ለመግፋት መጠጋት አለብሽ፣ ስትጠጊ ደግሞ አንቺም ትገፊያለሽ። ጠላትሽ ሞኝ አይደለም። ኮምፒውተሩ ጠርዝ ላይ የቆመ ነገር ካየ አይምርም።

የኔ አካሄድ እንዲህ ነው። ውጊያው እንደተጀመረ፣ ምንም ከማድረጌ በፊት ገጹን አየዋለሁ። ጠርዙ የት ነው? መሰላሉ የት ነው? የቀለም ጠብታዎቹ የት ወደቁ? እንደ መጽሐፍ ገጽ ፎቅ ፎቅ ሆኖ ስለተሠራ ላይኛው ረድፍ ላይ ያለ ፍጡር ወደ ታችኛው የሚወርድበት መንገድ ውስን ነው። መሰላሉን የያዘ ሰው ግማሹን ጨዋታ ይዟል። አንድ ጠንካራ ፍጡር እዚያ አቁሚ፣ ሌላውን ተይው፣ ይምጡና ይሞክሩት።

ከዚያ ቀለሙ። አብዛኛው ጀማሪ ቀለም ይቆጥባል። ለማን? ውጊያውን ከተሸነፍሽ የቆጠብሽው ቀለም ምን ይሠራልሽ? መጀመሪያ ላይ አውጪው፣ ፍጡሮችሽን ቶሎ አሰማሪ፣ እነሱ ደግሞ ሄደው ጠብታዎቹን ይልቀሙልሽ። ቀድሞ የሳለ ሰው ጠብታዎቹን ቀድሞ ይደርስባቸዋል፣ ጠብታ ያገኘ ደግሞ እንደገና ይስላል። ያንቺ ስም ራሱ «ቀለም አለቀ» ነው እኮ፣ በሽታው ከስሙ ይታወቃል።

ትንሹን ጸሐፊሽን በተመለከተ፣ ጥግም አታድርጊው፣ ፊትም አታውጪው። ከመሃል ትንሽ ወደ ኋላ፣ በሁለቱም በኩል የራስሽ ፍጡር ኖሮ፣ ግን ቢያንስ አንድ መውጫ ክፍት ሆኖ። መውጫው እንዳይዘጋ። ውሾቼ መንገዱን ዘጉት ያልሽው ሁላችንም የምናውቀው ነገር ነው፣ ፍጡር በፍጡር ላይ አያልፍም፣ ስለዚህ ብዙ መሳል ብቻውን ጥሩ አይደለም።

ቀንድ አውጣ አልወድም

ማንም ስለ ቀንድ አውጣው አለማንሳቱ ገረመኝ። እህት፣ ጠላትሽ ቀንድ አውጣ ከሳለ ሌላውን ሁሉ ትተሽ ስለሱ አስቢ። ቀርፋፋ ነው፣ ያስቃል፣ እስኪደርስ ድረስ ትረሽዋለሽ። ሲደርስ ግን አጠገቡ ያለውን ሙሉውን ይውጠዋል። ሰይፍ የለ፣ ጋሻ የለ፣ ዋጠው። ምርጥ ውሻዬን እንዲህ አድርጎ በልቶብኛል፣ ቂሜ ከዚያ ይጀምራል።

መፍትሔው ከሩቅ መጨረስ ነው። ቀስተኛ ካለሽ ገና ሲነሳ ጀምሪበት። ከሌለሽ የእጅሽን ተግባር ለሱ አስቀምጪ።

ቀለም አለቀ

የእጅ ተግባር ስትል ያቺን ከስክሪኑ ውጭ የምትገባውን ትልቅ እጅ ነው አይደል? እኔ እሷን ለጌጥ ነው የያዝኳት ማለት ይቻላል።

ቀንድ አውጣ አልወድም

አዎ እሷን። ብዕር የያዘው እውነተኛው እጅሽ ናት በጌሙ ሐሳብ። ገጹን ከላይ ሆና ታያለች፣ ጣልቃ ገብታም አንዱን ትደቁሳለች፣ አንዱን ትገፋለች። ለጌጥ አትያዣት። በተለይ ጠርዝ ላይ የቆመ ጠላት አይተሽ የሚደርስበት ፍጡር ከሌለሽ እጅሽ ትደርስበታለች። ብዙ ውጊያ ያሸነፍኩት በፍጡሮቼ ሳይሆን በሷ ነው።

ኅዳግ አንባቢ

ስትራቴጂው ላይ ብዙ የምጨምረው የለኝም፣ የተባለው ልክ ነው። ግን የቀንድ አውጣው ነገር ሲነሳ ዝም ማለት አልቻልኩም።

ይሄ የጌም ሠሪዎቹ ፈጠራ አይደለም። በ13ኛው መቶ ዓመት መጨረሻና በ14ኛው በተሠሩ የአውሮፓ ብራናዎች ኅዳግ ላይ ጦር የታጠቀ ባላባት ከቀንድ አውጣ ጋር ሲዋጋ፣ አንዳንዴም ሰይፉን ጥሎ ሲንበረከክለት ይታያል። ለምን እንደሚሳል እስከ ዛሬ ተመራማሪዎች አልተስማሙም። ሊሊያን ራንዳል የምትባል የሥነ ጥበብ ታሪክ ባለሙያ እ.ኤ.አ. በ1962 ባወጣችው ጽሑፍ ቀንድ አውጣው በወቅቱ አራጣ አበዳሪና ፈሪ ተብለው በሚታሙት ሎምባርዶች (የሰሜን ጣሊያን ሰዎች) ላይ መሳለቂያ ሊሆን ይችላል ብላ ነበር፣ ሌሎች ደግሞ ሌላ ይላሉ።

ጥንቸሎቹም እንደዚያው። በለንደን ብሪቲሽ ላይብረሪ የሚገኝ «የስሚዝፊልድ ዲክሪታልስ» የሚባል የቤተ ክርስቲያን ሕግ መጽሐፍ አለ። ጽሑፉ በደቡብ ፈረንሳይ እ.ኤ.አ. በ1300 አካባቢ ተጽፎ ሥዕሎቹ ለንደን ውስጥ የተጨመሩበት ነው። በገጾቹ ግርጌ ጥንቸሎች አዳኙን አድነው ይይዙታል፣ ፍርድ ቤት ያቀርቡታል፣ ከዚያ ይቀጡታል። አዳኙ ውሻም ለፍርድ ቀርቦ ይሰቀላል። ከላይ ያለው የሕግ ጽሑፍ በቁም ነገር ይቀጥላል፣ ከታች ጥንቸሎቹ የራሳቸውን ችሎት ይዘዋል። ጌሙ ላይ ጥንቸል ውሻን ስታሸንፍ የሚያስቀው ቀልድ የመጣው ከዚህ ነው። ዓለሙ የተገለበጠ ነው፣ ደካማው ኃይለኛውን ያሳድዳል።

ይሄን የምለው ለወሬ ብቻ አይደለም። ጌሙ በዚህ ሎጂክ ነው የሚያስበው። ስለዚህ «ጠንካራው ውሻ ነው» ብለሽ ከውሻ ጋር መጣበቅሽ ራሱ ከጌሙ መንፈስ ጋር ያጋጭሻል። ሳቅ የሚመስለውን ፍጡር ሞክሪው። አህያዋ ለምሳሌ፣ በየት በኩል መለከት እንደምትነፋ አይተሻል መቼም።

ቀለም አለቀ

አይቻለሁ፣ በኋላዋ ነው! ጨዋ ቤተሰብ ፊት የሚጫወቱት ጌም አይደለም። ለቀልድ ብቻ የገባች መስሎኝ አንዴም አልሳልኳትም።

የጥንቸል አለቃ

ሳያት። ነገሩ ቀልድ ይምሰል እንጂ አጠገቧ ያሉትን ታደነዝዛለች። የደነዘዘ ጠላት ደግሞ አይመታሽም፣ አይገፋሽም። ግን ጥንቃቄ፣ የራስሽን ፍጡሮች በመለከቱ አቅጣጫ አታቁሚ፣ አህያ ወገን አትለይም።

ጉዞውን ከመጀመሪያ ልጀምር ላልሽው ደግሞ፣ አትጀምሪ። ከዚህ በኋላ ካርታው ላይ መንገድ ስትመርጪ አዲስ ፍጡር የሚሰጥሽን ምረጪ። የፍጡሮችሽ ዝርዝር ሰፋ ካለ መሰልቸቱ አያስቸግርሽም። ብትሸነፊም ግድ የለም፣ የሚቀጥለው ጉዞ ላይ ነገሩ ሌላ ይሆናል።

ዝምተኛ

የክብደት ደረጃውንም ዝቅ አድርጊው፣ ነውር አይደለም። እና አካዳሚ የሚባለው የልምምድ ክፍል ላይ ትንሽ ቆዪ። ሰው ሁሉ ይዘለዋል።

ቀለም አለቀ

ተመልሻለሁ። ሁላችሁም እግዜር ይስጥልኝ።

ውሾቹን ትቼ ሁለት ጥንቸልና አህያዋን ይዤ ገባሁ። ቀለሜን ገና በመጀመሪያው ላይ አወጣሁት፣ እጄ እየተንቀጠቀጠ። አንዷ ጥንቸል መሰላሉ ሥር ቆማ ጠበቀች፣ ሌላዋ ጠብታ ልትለቅም ሄደች። የጠላት ጸሐፊ ላይኛው ረድፍ ላይ፣ ከጠርዙ አንድ እርምጃ ብቻ ወደ ውስጥ ነበር። ድሮ ብሆን ዝም ብዬ ጉልበቱን እቆጥር ነበር። አህያዋን አስጠግቼ መለከቱን አስነፋሁባቸው፣ አጃቢው ደነዘዘ፣ በሚቀጥለው ተራ ጥንቸሏ ጸሐፊውን ወደ ጠርዙ ገፋችው፣ የቀረችውን ፈቅ ያደረገችው እጄ ናት። ወደቀ! እሳቱ ገና አልተነሳም ነበር። ጉልበቱ ሞልቶ ነው የሄደው።

ገፍታሪው፣ ስምህን አሁን ገባኝ።

አንድ ነገር ብቻ፦ ታናሽ ወንድሜ ሲያይ ቀንቶ እኔም ካንቺ ጋር ልጫወት እያለ ነው። እሱ በራሱ ኮምፒውተር፣ እኔ በኔ ሆነን መጋጠም ይቻላል?

ገፍታሪው

እንኳን ደስ ያለሽ! ዱኤል በሚባለው በኩል ሁለት ሰው መጋጠም ይችላል፣ ግን በኦንላይን አይደለም፣ አንድ ስክሪን ላይ ጎን ለጎን ተቀምጣችሁ ነው። ጌሙ ተራ በተራ ስለሆነ አይከብድም፣ አንዱ ሲጨርስ ለሌላው ያቀብላል። ከማጋጠምሽ በፊት ግን መግፋት አታስተምሪው።