ከሸዋ ሮቢት ወደ ደብረ ብርሃን፦ በ9,000 ብር ደመወዝ ብቻዬን መኖር እችላለሁ?

የቆላ ልጅ (ጠያቂ)፦

ሰላም ለሁላችሁ። ዘንድሮ ተመርቄ ደብረ ብርሃን ኢንዱስትሪ ፓርክ ውስጥ ሥራ አግኝቻለሁ፤ ጥቅምት መጀመሪያ ላይ እገባለሁ። ደመወዙ 9,000 ብር ነው። ከሰኞ እስከ ቅዳሜ ምሳ እና ሰርቪስ ድርጅቱ ይችላል ተብያለሁ። ደብረ ብርሃን ዘመድ የለኝም፣ የደጋ ኑሮም አላውቅም። አንድ ክፍል ቤት ተከራይቼ ራሴ እያበሰልኩ ለመኖር ነው ሐሳቤ። በወር ምን ምን ያስፈልገኛል? ቤት ሳይ ምን ልጠይቅ? ከቤት ምን ይዤ ልውጣ? ለእናቴም በየወሩ ትንሽ ብር መላክ እፈልጋለሁ፤ ቃል ከመግባቴ በፊት ሒሳቡ እንዲገባኝ ነው።

የጠባሴ ሰው፦

እንኳን ደስ ያለሽ እህቴ። ከደመወዙ እንጀምር፤ 9,000 ብር እጅሽ አይገባም። ከሐምሌ 2017 ወዲህ በሚሠራበት የገቢ ግብር ማሻሻያ የመጀመሪያው 2,000 ብር ከግብር ነጻ ነው። ከ2,000 እስከ 4,000 ያለው 15 በመቶ፣ ከ4,000 እስከ 7,000 ያለው 20 በመቶ፣ ከ7,000 እስከ 10,000 ያለው 25 በመቶ ይቆረጥበታል። ለአንቺ 300 እና 600 እና 500፣ በድምሩ 1,400 ብር ይሆናል። ጡረታ 7 በመቶ ደግሞ 630 ብር (አሠሪው በበኩሉ 11 በመቶ ይጨምርልሻል)። የሚደርስሽ 6,970 ብር ነው። ከመፈረምሽ በፊት ግን 9,000ው ጥሬ ደመወዝ ነው ወይስ አበል ተደምሮበት ነው ብለሽ ጠይቂ። ጡረታም የትርፍ ሰዓት ክፍያም የሚሰላው በጥሬ ደመወዙ ነው፤ ልዩነቱ ቀላል አይደለም።

ሁለተኛ፣ የወር አስቤዛሽን በብር አትያዢው፣ በመጠን ያዢው። የቅዳሜው ገበያ ዋጋ በየሳምንቱ ይቀያየራል፤ የአንድ ሰው ሆድ ግን አይቀያየርም። መጠኑን ካወቅሽ በዕለቱ ዋጋ ማባዛት ብቻ ነው የሚቀርሽ። ምሳ ከድርጅቱ ከሆነ ለአንድ ሰው በወር በግምት ይህን ያህል ይበቃል፦ እንጀራ 45፣ ሽሮ 1 ኪሎ፣ ምስርና ክክ ተደምሮ 1 ኪሎ ተኩል፣ ሽንኩርት 4 ኪሎ፣ ድንች 4 ኪሎ፣ ቲማቲም 2 ኪሎ፣ ዘይት 1 ሊትር ተኩል፣ በርበሬ ሩብ ኪሎ፣ ቡና ግማሽ ኪሎ፣ ስኳር 1 ኪሎ። ዘይቱ በጾም ወራት ከዚህ ከፍ ይላል፤ ዐቢይ ጾም 55 ቀን ስለሆነ 2 ሊትር አስቢ። ለፋሲካ ሽንኩርት፣ ቅቤና እንቁላል የሚወደዱት በመጨረሻው ሳምንት ነው። ሽንኩርት ደረቅ ቦታ ላይ ከተሰጣ ብዙ ስለሚቆይ ሁለት ሦስት ሳምንት ቀደም ብለሽ ግዢው።

ቁርስን ከዳቦ ቤት አታድርጊው። ደብረ ብርሃን የገብስ አገር ነው። 2 ኪሎ የበሶ ዱቄት እና 1 ኪሎ ቅንጬ ወሩን ሙሉ ያስኬዱሻል፤ በዚያ ብርድ ላይም ከደረቅ ዳቦ ይልቅ ሆድ ይይዛሉ። ጤፍ ከምንጃርና ከሞረትና ጅሩ ይመጣል፤ እህሉን ገዝቶ ማስፈጨት ዱቄት ከመግዛት ይሻላል፣ ምን እንደተቀላቀለበት ታውቂያለሽና።

እማማ ብርሃኔ፦

ልጄ፣ የእንጀራውን ነገር እኔ ልንገርሽ። ምጣድ አትግዢ። ብዙ አከራዮች አይፈቅዱም፣ ለአንድ ሰውም ድካሙ አያዋጣም። ከ1 ኪሎ የጤፍ ዱቄት እንደ ምጣዱ ስፋትና እንደ ውፍረቱ አምስት ስድስት እንጀራ ይወጣል፤ ስለዚህ ለ45 እንጀራ 9 ኪሎ ዱቄት ይበቃሻል። 25 ኪሎ ጤፍ ገዝተሽ፣ አበጥረሽ፣ ለአንድ ወር የሚሆነውን ብቻ አስፈጪ፤ የቀረው እህሉ እንዳለ ይቀመጥ። ጤፍ በእህልነቱ ዓመታት ይቆያል፣ ዱቄቱ ግን ሲሰነብት ይጎመዝዛል። ዱቄቱን ለሚጋግር ሰው በክፍያ ስጪና በሳምንት ሁለት ጊዜ ተቀበዪ። ከሱቅ የምትገዢው እንጀራ ብዙ ጊዜ ሩዝ ይገባበታል፤ በማግስቱ የሚደርቀውና የሚሰባበረው በዚያ ነው።

ራስሽ ለመጋገር ከፈለግሽ ቆላ በምታውቂው ቀን አትቁጠሪ። ሸዋ ሮቢት በሁለት በሦስት ቀን የሚቦካው ሊጥ እዚህ በኅዳርና በታኅሣሥ አራት አምስት ቀን ሊፈልግ ይችላል። በለብታ ውሃ አቡኪው፣ እርሾውን ጠንከር አድርጊው፣ ቡሃቃውን በወፍራም ጨርቅ ጠቅልለሽ ከመሬት አንሺው። ሲሚንቶ ላይ ከተቀመጠ ከታች ይበርድና ዓይን ሳያወጣ ይቀራል።

ክኩንና ሽምብራውንም ዝም ብለሽ እሳት ላይ አትጣጅ። ደብረ ብርሃን ከባሕር ወለል በላይ 2,800 ሜትር ገደማ ነው፤ ውሃው በ91 ዲግሪ አካባቢ ይፈላል። የሚንፈቀፈቅ ይመስልሻል እንጂ ሙቀቱ ያነሰ ስለሆነ ጥራጥሬው ቶሎ አይበስልም። ክክ አንድ ሁለት ሰዓት፣ ሽምብራና ባቄላ ከማታ ጀምሮ ይዘፍዘፍ። ከመጀመሪያው ደመወዝሽ ፕሬዠር ድስት ብትገዢ በመብራት ክፍያ ይመለስልሻል።

ኤሌክትሪሻኑ፦

የቤቱን ጉዳይ ልጨምር። ሰው አንድ ክፍል ሲያይ ስፋቱንና ኪራዩን ነው የሚያየው። ደብረ ብርሃን ላይ ቀድሞ የሚታየው ጣሪያው ነው። ኮርኒስ የሌለው ቆርቆሮ ቤት ሌሊት ሙቀቱን ሁሉ ወደ ላይ ይለቃል፤ ጠዋት ደግሞ የትንፋሽሽ እርጥበት ቆርቆሮው ላይ ጤዛ ሆኖ አልጋሽ ላይ ይንጠባጠባል። ኪራዩ ትንሽ ቢጨምርም ኮርኒስ ያለውን ውሰጂ። ቀጥሎ በሩን ዝጊና ከታች ብርሃን የሚገባበትን ክፍተት እይ፤ ጣት የሚያስገባ ከሆነ በጨርቅ ወይም በጎማ የሚደፈን መሆኑን ጠይቂ። መስኮቱ የጠዋት ፀሐይ የሚያገኝ ቢሆን ትልቅ ነገር ነው።

ከዚያ ቆጣሪው። የመኖሪያ ቤት ታሪፍ እስከ 50፣ እስከ 100፣ እስከ 200 ኪሎዋት ሰዓት እያለ በደረጃ ይወጣል፤ ፍጆታው በጨመረ ቁጥር የአንዱ ኪሎዋት ሰዓት ዋጋ ራሱ ይጨምራል። አምስት ተከራይ በአንድ ቆጣሪ ሲጠቀም እያንዳንዱ 70 ብቻ ቢያቃጥል እንኳ ቆጣሪው 350 ያነባል፤ ሁሉም ብቻውን ቢሆን ከሚከፍለው ከፍ ባለ ደረጃ ይከፍላል ማለት ነው። በነፍስ ወከፍ እኩል የሚካፈሉበት ግቢ ከሆነ ደግሞ ሂተር የሚያነደው ጎረቤትሽ ወጪ በአንቺ ላይ ያርፋል። ስለዚህ «የራሱ ቆጣሪ አለው? ከሌለ ማስለኪያ ቆጣሪ ላስገባ?» ብለሽ ቁርጡን እወቂ።

የራስሽ ፍጆታ እንዲህ ይሰላል። 1,500 ዋት ምድጃ በቀን አንድ ሰዓት ተኩል ቢበራ በወር 67 ኪሎዋት ሰዓት ገደማ ነው። 9 ዋት አምፖል በቀን አምስት ሰዓት በርቶ 1 ኪሎዋት ሰዓት ተኩል እንኳ አይሞላም፤ እሱን እርሺው። 2,000 ዋት ሂተር ግን በማታ ሦስት ሰዓት ቢበራ በወር 180 ይበላል። ምግብ ለማብሰል ከምታወጪው ከሁለት እጥፍ በላይ ነው። በጎማ የሙቅ ውሃ ከረጢት ብትተኪው 2 ሊትር ውሃ ማፍላት 0.2 ኪሎዋት ሰዓት ቢፈልግ ነው፤ ለወሩ 6። ከመተኛትሽ በፊት ብርድ ልብሱ ሥር አስገቢው፣ በጨርቅ ጠቅልይው፣ ክዳኑን ገልብጠሽ ፈትሺ። የፈላ ውሃ ሃይላንድ ውስጥ አይጨመር፤ ይጨማደድና አልጋሽ ላይ ይፈስሳል።

ምድጃውን በቀጭን ማከፋፈያ አትሰኪው፣ ቀጥታ ግድግዳው ሶኬት ላይ ይሁን። ሶኬቱ ከጋለ ወይም ከጠቆረ ከመግባትሽ በፊት አከራዩ ይቀይረው። ምጣድ ወደ 16 አምፔር ይስባል፤ በአብዛኛው የኪራይ ክፍል ያለው ሽቦ ለዚያ አልተዘረጋም።

የቆላ ልጅ (ጠያቂ)፦

እግዚአብሔር ይስጥልኝ፣ በጣም ጠቅማችሁኛል። ሁለት ነገር ልጨምር። ሂተሩ እንዲህ የሚበላ ከሆነ ማታ ማታ በከሰል ክፍሉን ማሞቅ አይሻልም? የቤት ኪራይስ ስንት ወር ቅድሚያ ነው የሚጠየቀው?

ኤሌክትሪሻኑ፦

በከሰል በፍጹም! ይህን ጥያቄ ስላነሳሽው ደስ ብሎኛል። በተዘጋ ክፍል የከሰል ምድጃ አስገብቶ መተኛት ይገድላል። ገዳዩ ካርቦን ሞኖክሳይድ ነው፤ ቀለምም ሽታም የለውም። ጭሱ ከወጣና ፍሙ ከቀላ በኋላ «አሁን ጠርቷል» ብለው ወደ ውስጥ የሚያስገቡት ብዙ ናቸው፤ ጋዙ ግን ከቀላው ፍምም ይወጣል። ዕጣን ማጨስ፣ አጠገቡ ውሃ ማስቀመጥ፣ አመድ ማልበስ አንዱም አያድንም። ከሰል ለቡና የምትጠቀሚ ከሆነ በረንዳ ላይ ወይም በርና መስኮት ተከፍቶ ይሁን፣ ስትጨርሺም ውጪ ይደር። ከሰል ባለበት ክፍል ራስ ምታት፣ ማቅለሽለሽ፣ መፍዘዝ ከተሰማሽ ምድጃውን ለማጥፋት እንኳ ሳትቆዪ ውጪና ወደ ጤና ተቋም ሂጂ። ጎረቤት ሲያደርግ ካየሽም ንገሪ።

ብርዱ የሚሸነፈው ከታች ነው። ፍራሽሽ 15 ሴንቲ ሜትር ይሁን፤ አልጋ ባይኖርሽ እንኳ በጣውላ ርብራብ ከሲሚንቶው አንሺው። ከፍራሹ ሥር ካርቶንና ሰሌን አንጥፊ። ላዩ ላይ አንድ ወፍራም የሱፍ ብርድ ልብስ (ደብረ ብርሃን የሚታወቅበት ነው)፣ ወይም የመንዝ ባና ካገኘሽ እሱን፣ ጋቢሽን ደርቢበት። ውርጩ የሚጠነክረው ከጥቅምት እስከ ጥር ስለሆነ አንቺ በክፉ ወቅቱ ነው የምትገቢው። ስለዚህ ወንበርና ጠረጴዛ ይቆይ፣ የመጀመሪያው ብር አልጋው ላይ ይዋል።

የጠባሴ ሰው፦

ስለ ቅድሚያው፦ በ2016 የወጣው የመኖሪያ ቤት ኪራይ ዐዋጅ ቁጥር 1320 ከሁለት ወር በላይ ቅድሚያ መጠየቅን ይከለክላል፤ ውሉም በጽሑፍ ሆኖ ቢያንስ ለሁለት ዓመት እንዲሆን ያዝዛል። ተፈጻሚ የሚሆነው ክልሎች በሚወስኑባቸው ከተሞች ስለሆነ በምትከራዪበት ቀበሌ ጠይቀሽ አረጋግጪ። ቢሠራም ባይሠራም ውሉ በጽሑፍ ይሁን፤ ኪራዩ ውሃን፣ መብራትን፣ ጥበቃንና ቆሻሻን ይጨምር እንደሆነ አንድ በአንድ ይጻፍ። ደላላ ካለ ቤቱን ከማየትሽ በፊት ክፍያውን ተነጋገሪ።

ውሃ በፈረቃ የሚመጣበት ሰፈር ከሆነ ግቢው ሮቶ አለው ወይ? ከሌለ ባለ 20 ሊትር ጀሪካን ሦስት ያስፈልግሻል። ሰርቪሱ የት እንደሚቆም ሳታውቂ ቤት አትያዢ፤ በቀን ሁለት ጊዜ ባጃጅ መሳፈር ኪራዩ ላይ ያተረፍሽውን ይበላዋል። አምሽተሽ ስትወጪ ደግሞ ባጃጁ ኮንትራት ካልሆንሽ አልሄድም ሊልሽ ይችላል።

ኪራይ ከሚደርስሽ አንድ ሦስተኛውን፣ ማለትም 2,300 ብርን ካለፈ ከሥራ ባልደረባ ጋር ተጋሪ። ለእናትሽ የምትልኪውን በተመለከተ፣ የመጀመሪያውን ሦስት ወር ቁጥር አትጥሪ። ፍራሽ፣ ብርድ ልብስ፣ ድስት፣ ሹራብ ሁሉ እዚያ ውስጥ ነው የሚያልቀው። ደመወዝ ወር ሠርተሽ ስለሚከፈልም ለሁለት ወር ኪራይና ለአንድ ወር አስቤዛ የሚሆን ብር ይዘሽ ግቢ። ከአራተኛው ወር በኋላ በምትችዪው ልክ ቁረጪና ደመወዝ በገባ ዕለት በቴሌብር ላኪው፤ ወር መጨረሻ ላይ ከተረፈ እልካለሁ ያለ ሰው አይልክም። ባልደረቦችሽ ዕቁብ ሲጠሩሽም እስከዚያው ታገሺ፤ ዕቁብ ጥሩ ነው፣ መሀል ላይ መክፈል ማቃት ግን ስም ያጠፋል።

እማማ ብርሃኔ፦

ከቤት የምታመጪው፦ በርበሬና ሽሮ በእናትሽ እጅ የተዘጋጀ፣ የስድስት ወር። ጋቢ። ከሸዋ ሮቢት ሽንኩርት 10 ኪሎ፤ እዚያ ከማሳው ነው፣ እዚህ በጣርማ በር ዳገት ተጭኖ ነው የሚደርሰን። ሳይታጠብ፣ ደረቁ ተመርጦ፣ አየር በሚያስገባ ጆንያ ይሁን። ቲማቲም አታምጪ፣ መንገድ ላይ ይፈርጣል። ሹራብና ካፖርት እዚያ አትግዢ፤ እዚህ ሰልባጅ ገበያ ላይ ምርጫው ብዙ ነው። ቫዝሊን ያዢ፣ ብርዱ ከንፈርና እጅ ይሰነጥቃል። የሥራ ልብስሽ ደግሞ ሦስት ቅያሪ ይሁን፤ በክረምት ጉሙ ቀኑን ሙሉ ሳይነሳ ሲውል የታጠበ ልብስ በሁለት ቀንም አይደርቅ። የቀበሌሽን መሸኛና የፋይዳ ቁጥርሽን በእጅ ቦርሳሽ ያዢ እንጂ ከዕቃው ጋር መኪና ላይ አትጫኚው።