«ተቆጠረ ማለት ተመዘነ ማለት ነው» ለሚሉት ባለሙያ

የጅግጅጋው፦ ትናንት ማታ በሬዲዮ ስለ ምርጫ ሲያስረዱ የነበሩ አንድ ባለሙያ «በአገራችን የሁሉም ዜጋ ድምፅ እኩል ነው፤ ተቆጠረ ማለት ተመዘነ ማለት ነው» አሉ። በ1999 ዓ.ም. የሕዝብ ቆጠራ አዲስ አበባ 2.7 ሚሊዮን፣ ሶማሌ ክልል 4.4 ሚሊዮን ያህል ነዋሪ ተመዝግቦላቸዋል። በሕዝብ ተወካዮች ምክር ቤት ግን ሁለቱም 23 መቀመጫ ነው ያላቸው። የእነሱ ተመራጭ 119 ሺህ ያህል ሰው ሲወክል የእኛው 193 ሺህ ተሸክሟል። እህል ነጋዴ እንኳ ጆንያ ቆጥሮ መረከብና መዝኖ መረከብ እንደሚለያዩ ያውቃል።

መምህሩ፦ ስሌትዎ ትክክል ነው፤ ቁጣዎ ግን አድራሻውን ስቷል። የምርጫ ክልሎቹ ከዚያ ቆጠራ በፊት የተካለሉ ናቸው። ደግሞም ሕገ መንግሥቱ በአንቀጽ 54 ለአናሳ ብሔረሰቦች ከ20 የማያንስ መቀመጫ ሲለይ ቁጥር ብቻውን ዳኛ እንዳልሆነ አስቀድሞ ተቀብሏል።

የጅግጅጋው፦ መምህር፣ አናሳ ብሔረሰብ ከፍ እንዲል የተደረገውን ድጋፍ ማን ተቃወመ? እኔ የጠየቅሁት 4.4 ሚሊዮን ሕዝብ በየትኛው አንቀጽ ዝቅ እንዳለ ነው። «ተመዘነ» የሚለውን ቃል ሳይነኩ አለፉት።

ከፒያሳ፦ ሰኔ 14 ቀን 2013 ዓ.ም. ከማለዳ ተሰልፌ መርጫለሁ፤ ጥፍሬ ላይ የቀረው ቀለም ቶሎ አልለቀቀም ነበር። አሁን 193 ለ119 ሲካፈል ያ ድምፅ ከእርስዎ አንጻር አንድ ሳይሆን አንድ ነጥብ ስድስት ነው መባሌ ነው? ትርፉን በደስታ እመልስልዎታለሁ። በ2002 ዓ.ም. ከ23ቱ የከተማችን መቀመጫዎች ለተቃዋሚ የደረሰው አንድ ብቻ ነበር፤ በየምርጫ ክልሉ ብዙ ድምፅ ያገኘው ብቻ መቀመጫውን በሚወስድበት የአብላጫ ድምፅ ሥርዓት፣ የተሸነፈ ሰው ድምፅ ይቆጠራል እንጂ ሚዛን ላይ አይወጣም። ለመሆኑ አዲስ አበባ ዛሬም 2.7 ሚሊዮን ናት ብሎ የሚያምን አለ?

የጅግጅጋው፦ አዲስ አበባ ስታድግ ጅግጅጋ ተኝታ የከረመች ይመስልዎታል? እናንተ በሰኔ ስትመርጡ እኛ እስከ መስከረም 20 ቀን 2014 ዓ.ም. ጠብቀናል። ትርፉን እመልሳለሁ ማለትዎን ግን መዝግቤያለሁ፤ ስንት መቀመጫ ይለቃሉ?

ከፒያሳ፦ ቀልድ ከመቼ ወዲህ ነው ቃለ መሐላ የሆነው?

መምህሩ፦ ወደ ቁም ነገሩ እንመለስ። አንቀጽ 103 ቆጠራ በየአሥር ዓመቱ እንዲካሄድና የምርጫ ክልሎች በውጤቱ መሠረት እንዲወሰኑ ያዛል። ስለዚህ አዲስ ቆጠራ እስኪካሄድ መታገሥ ይገባል።

የጅግጅጋው፦ መምህር፣ «በየአሥር ዓመቱ» ብለው በጻፉበት እጅ ነው ትዕግሥት የጠየቁኝ? ባለሙያው ቢያንስ «ተቆጠረ» የሚለውን ቃል ይተዉት፤ ከ1999 ዓ.ም. ወዲህ ማን ቆጠረን?

ከፒያሳ፦ እዚህ ላይ ከእርስዎ ጋር ነኝ። የመቀመጫውን ነገር ግን አላልኩም።