የመስል ካር ዋጋ መናር፦ የሚያስከፍለው ጉልበቱ ነው ወይስ ስሙ?

ብሩክ፦
መስል ካር የምንለው ትልቅ ሞተር ያለው የአሜሪካ ስፖርታዊ መኪና ዋጋው ንሯል። ዶጅ ቻሌንጀር ሄልካት በ2015 ሞዴሉ 707 የፈረስ ጉልበት ይዞ 60,000 ዶላር ገደማ ነበር። የ2023ቱ ዴመን 170 መነሻው 96,666 ዶላር ሆነ። ፎርድ ደግሞ ሙስታንግ ጂቲዲን ከ300,000 ዶላር በላይ ይሸጠዋል። እ.ኤ.አ. በ1964 የመጀመሪያው ሙስታንግ 2,368 ዶላር ነበር፤ ወር ጠብቆ ደመወዝ የሚቀበል ሰው የሚገዛው መኪና። እኔ ዋጋቸው አይገባቸውም ባይ ነኝ።

ሄለን፦
ብሩክ፣ የማይገናኙትን አንድ ላይ ጨፈለቅሃቸው። የ1964ቱ 2,368 ዶላር ባለ ስድስት ሲሊንደሩ ነው፤ በዛሬ ገንዘብ 24,000 ገደማ ይመጣል። አሁን ባለ ስምንት ሲሊንደሩን ሙስታንግ ጂቲ እይ። የ2015ቱ ማጓጓዣውን ጨምሮ 33,000 ዶላር አካባቢ፣ የ2024ቱ 43,000 አካባቢ። በዚያው ጊዜ የአሜሪካ የዋጋ ግሽበት ከ30 በመቶ አልፏል። ግሽበቱ ሲቀነስ ጭማሪ የለም ማለት ነው፤ ጉልበቱ ግን ከ435 ወደ 480 አድጓል። የናረው የላይኛው እርከን ብቻ ነው።

ጋሽ ታደሰ፦
በላይኛው እርከን የምትከፍሉት ለማይታየው ነገር ነው ልጆቼ። ጂቲ ገዝቶ ከ8,000 እስከ 10,000 ዶላር የሚያወጣ ሱፐርቻርጀር፣ ማለትም አየር ጨምቆ ወደ ሞተሩ የሚያስገባ መሣሪያ፣ በመግጠም 700 ፈረስ ጉልበት ይገኛል፤ ፎርድ ራሱ ሱፐርቻርጀር ገጥሞ ይሸጠው ከነበረው ሙስታንግ፣ ከሼልቢ ጂቲ500፣ 760 ፈረስ ጉልበት ብዙ አይርቅም። ጣጣው ከዚያ በኋላ ነው። የጂቲው 5.0 ሊትር ሞተር የዘይት ፖምፓ ጥርሶች ከተጨመቀ የብረት ዱቄት የተሠሩ ናቸው። ለፋብሪካው ጉልበት ይበቃሉ፤ ሱፐርቻርጀር ተጨምሮ ሞተሩ የዙር ገደቡን ደጋግሞ ሲመታ ግን ይሰነጠቃሉ። የዘይት ግፊቱ ይወርዳል፣ ሞተሩ ነክሶ ይቆማል። መፍትሔው ከድፍን ብረት የተቀረጹ ጥርሶች ናቸው። ለዚህ የሞተሩ የፊት ክዳን መውረድ ስላለበት ከሱፐርቻርጀሩ ጋር በአንድ ጊዜ አሠሩት፣ አለዚያ የእጅ ዋጋ ሁለቴ ነው።

የ2018ና ከዚያ ወዲህ ያለው የጂቲ ሞተር የመጨመቂያ ምጥጥኑ 12 ለ1 ነው፤ አየርና ነዳጁን በጣም ይጨምቃል። ሱፐርቻርጀር ከተገጠመለት በኋላ ከፍተኛ ኦክቴን ያለው፣ ማለትም ያለጊዜው መቀጣጠልን የሚቋቋም ቤንዚን (በአሜሪካ አቆጣጠር 91 ወይም 93) ካልተቀዳለት ያንኳኳል፣ ፒስተንም ሊሰብር ይችላል። ካንዴላው አንድ ደረጃ ቀዝቃዛ፣ ማለትም ሙቀቱን ቶሎ የሚያስወጣ ዓይነት ይሁን፣ ክፍተቱም ወደ 0.9 ሚሊሜትር ይጥበብ፤ በከፍተኛ ግፊት ክፍተቱ ሰፊ ከሆነ ብልጭታው ይጠፋል። ከዚያ ኢንጀክተር፣ የነዳጅ ፖምፓ፣ ፍሪሲዮን፣ ሴሚያክስ አለ። ዋስትናውንም እርሱት። ይህን ሁሉ ስትደምሩ የጂቲ500 ዋጋ ያን ያህል አያስደነግጥም።

ብሩክ፦
ጋሽ ታደሰ፣ ስለ ጥርሱ ያሉትን ተቀብያለሁ። ግን ዋጋው ሁሉ ወደ ብረት አይሄድም። ሻጮች ከተለጠፈው ዋጋ በላይ የሚጨምሩት ገንዘብ አንዲት ብሎን አያጠብቅም! በላዩ ላይ በአሜሪካ በጋሎን ከ22.5 ማይል በታች የሚሄድ አዲስ መኪና ከ1,000 እስከ 7,700 ዶላር ግብር አለበት፤ ፒክአፕና ኤስዩቪ ግን ነፃ ናቸው። ይህ ለኔ ግልጽ አድልዎ ነው።

ሄለን፦
በሻጮቹ ጉዳይ ካንተ ጋር ነኝ። ዴመን 170 ላይም ልጨምርልህ፦ 1,025 የተባለው ጉልበት አብዛኛው ኢታኖል በሆነው በኢ85 ነዳጅ ነው፣ በተራ ቤንዚን 900 ነው። በሚኖርበት አካባቢ ኢ85 የማያገኝ ሰው ለማይጠቀምበት 125 ፈረስ ጉልበት እየከፈለ ነው። የሼቭሮሌው መስል ካር ካማሮም ሆነ ቻሌንጀር በታኅሣሥ 2023 እ.ኤ.አ. መመረት ስላቆሙ ሻጭ እንደልቡ ይጠይቃል። እኔ የምመክረው ያገለገለ ሄልካት ነው።

ጋሽ ታደሰ፦
ያገለገለ ከሆነ ሞተሩ ሲቀዘቅዝ አስነሥታችሁ የሱፐርቻርጀሩን ድምፅ ስሙ። በስራ ፈት ዙር የሚንኳኳ ከሆነ ዋጋውን አስቀንሱ ወይም ተዉት። ቀጥሎ የሱፐርቻርጀሩን ፑሊ፣ ማለትም ቺንጋው የሚያሽከረክረውን ጎማ መሰል ክፍል፣ ከፋብሪካው መጠን ጋር አስተያዩ። ባነሰ ከተተካ ሞተሩ ከፋብሪካው 11.6 ፒኤስአይ (የግፊት መለኪያ) በላይ ግፊት ሲሸከም ኖሯል ማለት ነው፣ ሻጩ «ምንም አልተነካም» ቢልም አትመኑ። የጎማው ጎን ላይ ያሉትን አራት አሃዞችም አንብቡ፤ ሁለቱ ሳምንቱን፣ ሁለቱ ዓመቱን ይናገራሉ። ጥርሱ ያላለቀ ግን ያረጀ የኋላ ጎማ ለ700 ፈረስ ጉልበት አይታመንም፤ የአራት ጎማ ዋጋ ከድርድሩ ላይ ይቀነስ።