ካሴቱ ማሪያ ሳትዳር ያልቃል፤ ሙሉውን ላሳያቸው ወይስ ልተወው?

የልደታው፦

ሰላም ቤተሰብ። ጥያቄዬ ሊያስቃችሁ ይችላል፣ እኔን ግን ከምር አስጨንቆኛል። ገና ሊደርስ ሁለት ሳምንት ነው የቀረው።

እኛ ቤት ገና ያለ ሳውንድ ኦፍ ሚውዚክ አይታሰብም። ዶሮው ተበልቶ ቡናው ቶና ሲደርስ ፊልሙ ይከፈታል። በ1988 ነው የተጀመረው፣ ፒያሳ እያለን። ዲሽ ያለው ጎረቤት ነበረን። በፈረንጆቹ ገና፣ ማለትም ያን ዓመት ታኅሣሥ 15፣ ፊልሙ ሲተላለፍ በካሴት ቀድቶ ለእማዬ ሰጣት። እሷ ልጅ ሆና ሲኒማ ቤት ገብታ አይታዋለች። ሲኒማ ኢትዮጵያ ነው ሲኒማ አምፒር በሚለው ከአክስቴ ጋር እስከ ዛሬ አልተስማሙም። ጾም ስለነበር "ዘፈን በጾም አይከፈትም" ብላ ካሴቱን አሥራ ሦስት ቀን ቁምሳጥን ላይ አስቀመጠችው። በኛ ገና ተከፈተ። ከዚያ ወዲህ ያላየንበት ዓመት የለም።

ችግሩ ካሴቱ የሁለት ሰዓት ነው፣ ፊልሙ ደግሞ ሦስት ሰዓት ይጠጋል። ልጆቹን የምትይዘው ማሪያ ከገዳሙ ተመልሳ ትመጣለች፣ አባታቸው ካፒቴኑ ገና ፍቅሩን ሳይነግራት ጭጭ። ካሴቱ አለቀ። ከዚያ በኋላ ያለውን እማዬ ናት የምትተርክልን።

አተራረኳን ብታዩ። ሰርጉን፣ የናዚዎቹን መምጣት፣ ከሙዚቃ ውድድሩ እንዴት እንደጠፉ፣ መነኩሲቶቹ የናዚዎቹን መኪና ዕቃ ፈትተው እንደደበቁ (ይሄን ራሷ የጨመረችው ነበር የሚመስለኝ)። ከዚያ ያ ቴሌግራም የሚያደርሰው ልጅ፣ ሮልፍ፣ ናዚ ሆኖ መቃብር ቦታ ተደብቀው ሲያገኛቸው አንጀቱ አልችል ብሎ "ሂዱ፣ አላየኋችሁም" ይላቸዋል። እዚህ ጋ ስትደርስ ድምጿን ታወፍራለች። በመጨረሻ ካፒቴኑ ትንሿን ልጅ አዝሎ ተራራ ይወጣሉ፣ በረካ ይቀዳል፣ አለቀ።

አንድ ነገር ልጨምር። ካፒቴኑ ጊታር ይዞ ኤደልዋይስ ሲዘፍን እማዬ ነጠላዋን አስተካክላ ብድግ ትላለች። የኦስትሪያ ብሔራዊ መዝሙር ነው ትላለች። እኛም እንነሳለን። እንግዳ ካለ እንግዳውም ይነሳል፣ ምን ያርግ።

አሁን ሰፈራችን ፈርሶ ልደታ ኮንዶሚኒየም ነን፣ አራተኛ ፎቅ። ዕቃ ስናወጣ ዴኩ ከደረጃ ወድቆ አልሠራም አለ። 12 ዓመት የሆናት ልጄ "ችግር የለም ባቢ" ብላ ሙሉውን ፊልም አውርዳ ፍላሽ ላይ ጭናዋለች። ማታ ሁሉም ሲተኛ ተደብቄ መጨረሻውን አየሁት።

ሮልፍ "ሂዱ" አይልም። "እዚህ ናቸው" ብሎ ጮኾ ለአለቃው ይጠቁማቸዋል።

ምን ላርግ? ሙሉውን ባሳይ እማዬ በልጅ ልጆቿ ፊት ውሸታም ትመስላለች። ባላሳይ ልጄ ፊልሙን ይዛዋለች፣ ዛሬ ባታየው ነገ ታየዋለች።

ዴክ ሐኪም፦

በመጀመሪያ ዴኩን አትጣለው። ካሴት ይውጣል? ከዋጠና ጎማው ካልዞረ ውስጥ ያለው ላስቲክ ደርቆ ወይ ወልቆ ሊሆን ይችላል፣ ቀላል ነው። ድምፅ እያለ ምስሉ ብቻ ከጠፋ ሄዱ (ቴፑን የሚያነበው ክፍል) ቆሽሿል። በጥጥ እንዳትነካው፣ ክር እየያዘ ይበላሻል። ክር በማይለቅ ጨርቅና በንጹሕ አልኮል ነው፣ እሱም እጅህ ካልለመደ ለሚያውቅ ስጠው።

ግን ከዴኩ በላይ ለካሴቱ ነው የምሰጋው። ወደ ሠላሳ ዓመት ሞልቶታል። ክዳኑን ገለጥ አድርገህ ቴፑ ላይ ነጭ ነገር ካየህ ሻጋታ ነው፣ ምንም ማሽን ውስጥ እንዳታስገባው። ንጹሕ ከሆነ የሰርግ ካሴት ወደ ፍላሽ የሚገለብጡ ፎቶ ቤቶች አሉ፣ እዚያ ውሰደውና አብረህ ቁም። አንድ ጊዜ ብቻ ይጫወታል ብለህ አስብ። እናትህ ያቆመችበት ቦታ ድረስ ያለው ይበቃሃል።

ሌላው ነገር፣ ካሴቱ ባለ 120 ነው ማለት ነው። ባለ 180 ቢሆን ሙሉው ይገባ ነበር፣ ፊልሙ 174 ደቂቃ ነው። እናትህን ተራኪ ያደረጋት የጎረቤታችሁ ቁጠባ ነው 😂

ሚሚ አራት ኪሎ፦

ልጆች ሦስት ሰዓት ሙሉ ቁጭ ይላሉ ብለህ ነው የምትጨነቀው? እኛ ቤት ባለፈው ዓመት ሞክረን ነበር። ገና ማሪያ ለልጆቹ ከመጋረጃ ልብስ ሳትሰፋላቸው የወንድሜ ልጆች ስልካቸው ውስጥ ገብተው ጠፉ። አጎቴ ደግሞ የበዓል ፕሮግራም እያመለጠኝ ነው እያለ ሪሞቱን እንደ ገና ዱላ ይዞ ዞረ። በገና ጨዋታ አይቆጡም ጌታ ባይባል ኖሮ ተደባድበን ነበር።

ቆይ ግን ይሄ ፊልም የገና ፊልም ነው እንዴ? እኔ እስከማስታውሰው ውስጡ ገና የለም።

ጊዮርጊስ ማዶ፦

@ሚሚ አራት ኪሎ ልክ ነሽ፣ የለም። ያ ሁሉም ሰው የገና ዘፈን የሚያደርገው፣ ማሪያ የምወዳቸው ነገሮች እያለች የምትቆጥርበት፣ ፊልሙ ላይ የሚዘፈነው ልጆቹ መብረቅ ፈርተው አልጋዋ ላይ ሲሰበሰቡ ነው። ግጥሙ ውስጥ በረዶና የሱፍ ጓንት ስላለ ፈረንጆቹ ገና ላይ ለጠፉት። ጃዝ ወዳዶች ደግሞ የጆን ኮልትሬንን ያውቁታል። በ1961 እ.አ.አ. ያወጣው ነው፣ ከፊልሙ በፊት፣ ምክንያቱም ቲያትሩ ብሮድዌይ ላይ የወጣው በ1959 ነው። ፊልሙን የገና ያደረገው ቴሌቪዥን ነው። ቢቢሲ በ1978 እ.አ.አ. በገና ዕለት አሳየው፣ ሰው ቤት ተሰብስቦ ቁጭ ባለበት ቀን። እንደነዚህ ሰዎች ካሴት ማለት ነው፣ ቀኑ ነው እንጂ ታሪኩ አይደለም።

@የልደታው ወደ አንተ ስመጣ፣ እናትህን ዝም ብለህ ጠርጥረሃታል። መነኩሲቶቹ የመኪና ዕቃ ፈትተው መደበቃቸው ፊልሙ ላይ አለ! ተደብቀህ ስታይ እንቅልፍ ወስዶህ ነበር ማለት ነው። ካፒቴኑ ትንሿን ልጅ አዝሎ መውጣቱም አለ። ልጅ ሆና አንዴ ያየችውን ፊልም ይሄን ያህል መያዟ ራሱ ይገርማል።

ኤደልዋይስ ግን ብሔራዊ መዝሙር አይደለም፣ የሕዝብ ዘፈንም አይደለም። ኦስካር ሐመርስታይን ለቲያትሩ ብሎ የጻፈው ነው፣ የመጨረሻ ዘፈኑ፣ በ1960 እ.አ.አ. ሞተ። ይሄን ለእናትህ አትንገራት። መነሳቱን እኔም ልጀምረው ነው።

ደግሞ እሷን ለማረም ከተነሳህ ፊልሙንም አርመው። እውነተኛዋ ማሪያ የሄደችው አንዲት የታመመች ልጅ ልታስተምር ነው። ከካፒቴኑ ጋር የተጋቡት በ1927 እ.አ.አ. ነው፣ ናዚዎች ኦስትሪያን ሲይዙ ከ10 ዓመት በላይ በትዳር ቆይተዋል። ተራራም አልተሻገሩም። ባቡር ተሳፍረው ጣሊያን ገቡ፣ ካፒቴኑ የተወለደበት ከተማ በኋላ የጣሊያን ስለሆነ ዜግነቱ ነበራቸው። ያንን የሳልዝቡርግ ተራራ ቢሻገሩት የሚገቡት ጀርመን ነው፣ ያውም ሂትለር የተራራ ቤቱን የሠራበት አካባቢ። ካፒቴኑን የሚሠራው ክሪስቶፈር ፕላመር እንኳ ሲዘፍን የምትሰማው በአብዛኛው የቢል ሊ ድምፅ ነው። ታሪኩን ያላስተካከለው ሰው የለም፣ እናትህ ላይ ሲሆን ነው ውሸት የሆነው?

ሚሚ አራት ኪሎ፦

ባቡር? ልጅነቴን በላኸው።

ዴክ ሐኪም፦

ሮልፍን ግን ለምን ማረችው? ሌላውን ሁሉ በትክክል ይዛ እዚያች ጋ ብቻ መሳቷ ገረመኝ።

ጡረተኛው፦

ልጆች፣ እኔ እዚህ አንባቢ እንጂ ጸሐፊ አይደለሁም፣ ግን ይሄን ሳነብ ዝም ማለት አቃተኝ።

ልጄ፣ ፊልሙ የወጣው በኛ አቆጣጠር በ1957 ነው። እናትህ ልጅ ሆና ካየችው በ1969 ሃያዎቹ መጀመሪያ ላይ ብትሆን ነው፣ ያውም ፒያሳ። እኔ 19 ነበርኩ። አብሮህ ኳስ የተጫወተ ልጅ፣ እኅትህን እያየ የሚሽኮረመም ልጅ፣ አብዮት ጥበቃ ሆኖ ጠመንጃ ይዞ በር የሚያንኳኳበት ጊዜ ነበር። አንዳንዱ "እዚህ ናቸው" ብሎ ጮኸ። አንዳንዱ አይቶ እንዳላየ አለፈ። እኔን አይቶ ያለፈኝ አንድ ልጅ አለ፣ ቆጥ ላይ ነበርኩ፣ ዓይን ለዓይን ተጋጥመናል። ወደ ታች ወርዶ "ማንም የለም" አለ። ከዚያ በኋላ አላገኘሁትም።

እናትህ መጨረሻውን የረሳች አይመስለኝም። የቱ ልጅ እንደገጠማት ግን አላውቅም። አትጠይቃት፣ ከፈለገች ትነግርሃለች።

ሚሚ አራት ኪሎ፦

ጋሼ 😔 እግዜር ዕድሜ ይስጥልን።

ጊዮርጊስ ማዶ፦

ጋሼ፣ ይሄን ነገር በዚህ መንገድ አላሰብኩትም ነበር። የጻፍኩት ሁሉ ወሬ ሆነብኝ።

የልደታው፦

እንኳን አደረሳችሁ። ሁለት ቀን ዘግይቼ ነው የምጽፈው፣ እንግዳ አልወጣ ብሎ።

ካሴቱ ሻጋታ አልነበረውም፣ ዴክ ሐኪም ተባረክ። ፎቶ ቤት አስገለበጥኩት። መሃል ላይ ትንሽ ይንቀጠቀጣል፣ ከታች በኩል የጎረቤታችን ድምፅ ይመስለኛል አንድ ቦታ ላይ "ዝጉት በሩን" የሚል አለ፣ እንዴት እንደገባ እንጃ፣ ሁሌም ነበር። ጋሼ፣ የጻፉትን ሦስት ጊዜ አነበብኩት። አልጠየቅኳትም።

በገና ዕለት እንደ ወጉ ከፈትነው። ለኤደልዋይስ ተነሳን። ልጆቹ የተቀመጡት ለጉድ ነው፣ ግማሹ ፈንድሻው ስላላለቀ መሰለኝ። ማሪያ ተመለሰች፣ ቴፑ አለቀ፣ እማዬ ጉሮሮዋን ጠራረገች። ሰርጉን ተረከች፣ ውድድሩን ተረከች፣ መቃብሩ ጋ ደረሰች፣ "ሂዱ፣ አላየኋችሁም" አለች በዚያች ወፍራም ድምጿ። ልጄ አላስቻላትም፣ አፏ ላይ መጣ፦ "እማማ፣ ፊልሙ ላይ እኮ እንደሱ አይልም።"

ቤቱ ጸጥ አለ። እኔ ወለሉን አየሁ።

እማዬ ምንም አልመሰላትም። "አውቃለሁ" አለች። "እኔ አይቼዋለሁ፣ እናንተ ደግሞ እዩት።" ፍላሹን እንድሰካው በአገጯ ጠቆመችኝ።

ሰካሁት። ካሴቱ ካቆመበት ጀመርን። ሰርጉን አብራን አየች፣ የማሪያ ቬሎ ረጅም መሆኑ እንደ ልጅነቷ አስደነቃት። ውድድሩንም አየች። መቃብሩ ውስጥ ሲገቡና የባትሪው ብርሃን ሲዞር ግን ረከቦቱን አንስታ "ሲኒ ልለቅለቅ" ብላ ወደ ማዕድ ቤት ሄደች። ቧንቧው ተከፈተ። እኛ ቤት ማዕድ ቤትና ሳሎን የሚለያቸው አንዲት ግድግዳ ናት፣ ጩኸቱ እንደሚሰማት አውቃለሁ። ልጁ ጮኸ። ልጄ ወደ እኔ ዞራ አየችኝ። ቧንቧው አልተዘጋም።

መነኩሲቶቹ የመኪናውን ዕቃ ከቀሚሳቸው ስር ሲያወጡ ሁላችንም ሳቅን። ያኔ ነው ቧንቧው የተዘጋው። ተራራው ላይ ሲወጡ ሲኒዎቹን እያደራረቀች መጣችና ቦታዋ ላይ ተቀመጠች።

"አዘላት?" አለች።

"አዘላት" አለቻት ልጄ።