የቼይንሶው ካርቡሬተር ቤንዚን ያፈሳል፣ ሞተሩንም ያፍነዋል፣ ምን ላድርግ?

ባለመጋዙ (ጠያቂ)
ሰላም ለሁላችሁም፣ እስቲ ቼይንሶ የምታውቁ እርዱኝ። ሞተሩ ቀዝቃዛ ሆኖ ደህና ይነሳል፣ ትንሽ ከሰራ በኋላ ግን ሚኒሞ ላይ (ነዳጅ ሳልሰጠው በዝግታ እንዲዞር) ስተወው ጭሱ እየበዛ ድምፁ እየከበደ ሄዶ ይጠፋል፣ ከዛ ገመዱን ብስብ ብስብ አይነሳም። ካንዴላውን (ብልጭታ ሰጪውን) ስፈታው በቤንዚን ርሶ ነው የሚወጣው። ይባስ ብሎ ታንከሩን ሞልቼ ካስቀመጥኩት ጠዋት ላይ ከስሩ ረጥቦ አገኘዋለሁ፣ የአየር ፊልትሮውም ረጥቧል። አንድ ማወቅ ያለባችሁ ነገር፣ የካርቡሬተሩ ዲያፍራም (ስስ የላስቲክ ሽፋኑ) ደርቆ ስለነበር አንድ ባለሙያ ሙሉ ኪት (የካርቡሬተሩን መለዋወጫዎች ስብስብ) ቀይሮልኛል፣ ችግሩ የመጣው ከዛ ወዲህ ነው። ኪቱ አዲስ ሆኖ ሳለ እንዴት ያፈሳል? ከየት ልጀምር?

ሞረድ
መጀመሪያ ከስር የሚወጣው ቤንዚን መሆኑን አረጋግጥ ወንድሜ። የሰንሰለት ዘይትም እኮ መጋዙ ሲቀመጥ ይንጠባጠባል፣ ብዙ ሰው እሱን አይቶ ካርቡሬተር ይፈታል። በጣትህ ነካ አድርገው፣ የሚያጣብቅና የሚሳብ ከሆነ የሰንሰለት ዘይት ነው፣ ቶሎ ተንኖ ስስ ቅባት ብቻ ትቶ ከሄደ ቤንዚን ነው።

ባለመጋዙ
ቤንዚን ነው፣ ሽታውም ራሱ ይናገራል። ፊልትሮውም ላይ ያለው እሱ ነው።

የጥድ ልጅ
በዝቶበት ነው እንጂ ሌላ አይደለም። ኤልና ኤች የሚሉትን ሁለት የቤንዚን ማስተካከያ ብሎኖች (ኤል ለዝቅተኛ፣ ኤች ለከፍተኛ ፍጥነት) እስኪጠብቁ ዝጋቸውና ከዛ ትንሽ ትንሽ እየከፈትክ ሞክር፣ የእኔ በዚህ ተስተካክሏል።

ባለ ወርክሾፕ
የጥድ ልጅ ይቅርታ አድርግልኝና እዚህ ላይ አልስማማም፣ እስኪጠብቁ ዝጋ የሚለው ደግሞ አደገኛ ነው፣ የብሎኖቹ ጫፍ ሹል ስለሆነ ተጠብቆ ሲዘጋ መቀመጫውን ያበላሸዋል፣ ከዛ በኋላ ካርቡሬተሩ ትክክለኛ ሚኒሞ አይዝም። ያንተ መጋዝ የበዛበት ሚኒሞው ብቻ ስለነበር ይሆናል የተስተካከለው። የጠያቂው ግን ሞተሩ ቆሞ እያለ ነው የሚያፈሰው፣ ቆሞ የሚያፈስ ካርቡሬተር ማስተካከያ ብሎን አያገባውም፣ ምክንያቱም ቤንዚኑ ብሎኖቹ ጋ ከመድረሱ በፊት የቤንዚን መግቢያውን የምትዘጋው መርፌ ላይ መቆም ነበረበት።

ባለመጋዙ፣ አሰራሩን ልንገርህ፣ ከገባህ ራስህ ታገኘዋለህ። የቼይንሶ ካርቡሬተር እንደ ሞተር ሳይክሉ ፍሎት (የቤንዚኑን መጠን የሚቆጣጠር ተንሳፋፊ) የለውም፣ መጋዙ ተገልብጦም ተዘቅዝቆም መስራት ስላለበት በዲያፍራም ነው የሚሰራው። በአንደኛው ጎን ያለችው ዲያፍራም ፓምፕ ናት፣ ከክራንክ ቤቱ (ከፒስተኑ ስር ካለው ክፍል) በሚመጣው የአየር ግፊት እየተርገበገበች ቤንዚኑን ከታንከር ትስባለች። በሌላኛው ጎን ያለችው ናት መጣኟ። ሞተሩ ቤንዚን ሲስብ ይህቺ ዲያፍራም ወደ ውስጥ ትገባና ትንሿን ማንሻ ትጫናለች፣ ማንሻዋ መርፌዋን ታነሳለች፣ ቤንዚን ይገባል፣ በቃ ሲል ደግሞ ከማንሻዋ ስር ያለችው ሞላ መርፌዋን መልሳ ትዘጋለች። ስለዚህ መርፌዋ የማትዘጋ ከሆነ ወይ ራሷ ተጎድታለች፣ ወይ መቀመጫዋ ላይ ቆሻሻ አለ፣ ወይ ደግሞ የሆነ ነገር ማንሻዋን ሁልጊዜ ተጭኖ ይዟታል። ኪት ከተቀየረ በኋላ የመጣ ችግር ከሆነ እኔ መጀመሪያ የምጠረጥረው ሦስተኛውን ነው፣ የማንሻዋን ከፍታ።

ከመፍታትህ በፊት በግፊት ፈትነው። ካርቡሬተሩን አውጣ፣ ቤንዚን መግቢያው ላይ ቀጭን ቱቦ አስገባና ጌጅ ባለው የእጅ ፓምፕ እስከ 0.8 ባር ድረስ ሙላው። ጌጁ ባለበት ከቆመ መርፌዋ ይዛለች ማለት ነው። እየወረደ ከሄደ የመጣኟን ክዳን ፍታ፣ መርፌዋ አካባቢ ትንሽ ቤንዚን ጠብ አድርግበትና እንደገና ንፋ፣ አረፋ ከየት እንደሚወጣ በዓይንህ ታየዋለህ። ደረቅ መርፌ ጤነኛም ሆና ትንሽ ልታስተነፍስ ትችላለች፣ ለዚህ ነው ማርጠቡ። በኮምፕሬሰር ግን እንዳትሞክረው፣ ግፊቱ ውስጥ ያሉትን ስስ ቫልቮችና የተደፈኑ ቀዳዳዎች ክዳን ይነቅላቸዋል።

ብርቱ እጅ
እኔ ፍራፍሬ ዛፍ በመግረዝ ነው የምተዳደረው፣ መጋዙ ፀሐይ ላይ ሲቀመጥ የእኔም እንደዚህ ያደርግ ነበር። ክዳኑን ስከፍተው ፊሽሽ ብሎ ይተነፍሳል። የታንከሩ መተንፈሻ ተደፍኖ ግፊቱ ቤንዚኑን እየገፋው ይሆን? ጠያቂው ክዳኑን ላላ አድርጎ አሳድሮ ቢያየው።

ባለ ወርክሾፕ
ጥሩ ሐሳብ ነው እህቴ፣ ሙከራውም ጠቃሚ ነው፣ ግን ውጤቱን ሲያነብ ይጠንቀቅ። የብዙዎቹ መጋዝ መተንፈሻ አየር ወደ ውስጥ ያስገባል እንጂ በቀላሉ ወደ ውጭ አያስወጣም፣ ቤንዚኑ እንዳይፈስ ታስቦ ነው። ስለዚህ በሙቀት ታንከሩ ውስጥ ግፊት መፈጠሩና ክዳኑ ሲከፈት መተንፈሱ ብቻውን ብልሽት አይደለም። ጤነኛ መርፌ ያንን ግፊት መቋቋም አለባት። ክዳኑን አላልቶ ማፍሰሱ ከቆመ ግፊቱ እየገፋ ነው ማለት ነው፣ ያሳለፈችው ግን አሁንም መርፌዋ ናት። መተንፈሻው ሙሉ በሙሉ ሲደፈን የሚመጣው ምልክት ሌላ ነው፣ ሞተሩ እየሰራ ቆይቶ ቤንዚን አጥቶ ይጠፋል፣ ክዳኑን ከፍተህ ስትዘጋው ደግሞ ይነሳል።

ሞረድ
የፓምፗንም ዲያፍራም እንዳትረሱ። እሷ ከተቀደደች ወይም ቀዳዳ ካላት ቤንዚኑ በአየር ግፊቱ መስመር በኩል ቀጥታ ወደ ክራንክ ቤት ይሳባል፣ ያኔ መርፌዋ ምንም ጤነኛ ብትሆን ሞተሩ መታፈኑ አይቀርም። ስትፈታ ብርሃን ላይ ዘርግተህ እያት፣ ክንፎቿም ተጣጥፈው ወይም ጠርዛቸው ተጠምዞ ከሆነ ቀይራት።

ባለመጋዙ
እናመሰግናለን፣ ዛሬውኑ እፈታዋለሁ። እስከዛ ግን ክራንክ ቤቱ ውስጥ የገባው ቤንዚን እንዴት ይወጣል? አሁን ገመዱ ራሱ ሲሳብ ይከብዳል።

ባለ ወርክሾፕ
ከከበደ በኃይል አትጎትተው፣ ፈሳሽ አይታመቅም፣ የሆነ ነገር ይሰበራል። ካንዴላውን አውጣ፣ ማጥፊያውን ዝጋ፣ ቾኩን ክፈት፣ መጋዙን የካንዴላው ቀዳዳ ወደ መሬት እንዲያይ ገልብጠውና ነዳጅ መስጫውን ሙሉ ይዘህ ገመዱን ቀስ እያልክ ሳብ፣ ቤንዚኑ በዛው ይወጣል። ፊትህን ከቀዳዳው አርቅ፣ የካንዴላውንም ገመድ ራቅ አድርገህ እሰረው፣ የተረጨው ቤንዚን ላይ ብልጭታ ካረፈ እሳት ነው። ሲጋራ፣ ምድጃ፣ የሚሰራ ሞተር አጠገብህ አይኑር። ከዛ ካንዴላውን አድርቀህ መልስ።

ባለመጋዙ
ፈታሁት! ባለ ወርክሾፕ እንዳልከው ነው። ግፊቱ ወዲያው ነው የወረደው፣ ክዳኑን ፈትቼ ሳረጥበው ከመርፌዋ ስር ጥቃቅን አረፋ ተከታትሎ ይወጣል። መርፌዋን አውጥቼ በማጉያ ሳያት አዲስ ናት፣ የላስቲክ ጫፏ ላይ ምንም ቀለበት አልሰራም። ማንሻዋ ግን ከጎድጓዳው ወለል በጣም ከፍ ብላ ነው የቆመችው፣ ዲያፍራሟን ሳስቀምጥባት መሃሏ ላይ ያለው ብረት ገና ክዳኑ ሳይታሰር ማንሻዋን ሲጫናት በዓይኔ አየሁት። አሁን እንዴት ዝቅ ላድርጋት? በካቻቢቴ ልጫናት?

ባለ ወርክሾፕ
በፍጹም፣ መርፌዋ መቀመጫዋ ላይ እያለች አትጫናት፣ ስታጣምማት የላስቲክ ጫፏ በመቀመጫው ጠርዝ ይቆረጥና አዲሷ መርፌም ትበላሻለች። የማንሻዋን መያዣ ዘንግ ብሎን ፍታና ማንሻዋን አውጥተህ ለብቻዋ ቀስ ብለህ አስተካክላት፣ ሞላዋ በጣም ትንሽ ስለሆነች እንዳትፈናጠርብህ ጨርቅ ዘርግተህበት ስራ። በአንዳንዱ ሞዴል ማንሻዋ ከጎድጓዳው ወለል ጋር እኩል ነው የምትሆነው፣ በሌላው ደግሞ የተወሰነ ልክ አላት፣ አምራቾቹም ለዚህ የምትሆን ትንሽ የብረት መለኪያ አላቸው፣ ካርቡሬተሩ ላይ የተጻፈውን ቁጥር አይተህ የራሱን ልክ ፈልግ። ከልኩ በላይ ዝቅ ካደረግካት ደግሞ ተቃራኒው ይመጣል፣ ቤንዚን ይጎድለዋል፣ ነዳጅ ስትሰጠው ይሞታል።

ስትመልሳት ሞላዋ ከስር ባለችው ጎድጓዳ ውስጥ፣ ከላይ ደግሞ በማንሻዋ ጡት ላይ ቀጥ ብላ መቀመጧን እይ፣ ወደ ጎን ካዘነበለች መርፌዋን በደንብ አትዘጋም። በመጣኟ በኩል መጀመሪያ ጋስኬቱ ነው ሰውነቱ ላይ የሚቀመጠው፣ ከዛ ዲያፍራሟ፣ ከዛ ክዳኑ። ይህ ቅደም ተከተል ከተገለበጠ ዲያፍራሟ ወደ ማንሻዋ ትቀርባለች፣ ልክ ማንሻዋ ከፍ እንዳለች ሁሉ ያፈሳል፣ ስለዚህ ስትፈታው እንዴት እንደነበር ፎቶ ካነሳህ እሱንም መልሰህ እይ። መቀመጫውን በጥጥና በካርቡሬተር ማጽጃ ብቻ ጥረገው፣ ሽቦ አታስገባበት።

ብርቱ እጅ
ዲያፍራሙን መጀመሪያ ያደረቀው ግን ምን ነበር? እሱ ካልታወቀ አዲሱም ይደርቃል ብዬ ነው።

ሞረድ
አብዛኛውን ጊዜ ታንከር ውስጥ የከረመ ቤንዚን ነው፣ በተለይ ኤታኖል ያለበት። ኤታኖል ላስቲኩን ያጠነክረዋል፣ እርጥበትም ይስባል። ለረጅም ጊዜ የማትሰሩበት ከሆነ ታንከሩን ባዶ አድርጉና ሞተሩ በራሱ እስኪጠፋ ድረስ ሚኒሞ ላይ አሰሩት። ዘይቱንም ሳትገምቱ ለኩ፣ 50 ለ 1 ለሚለው መጋዝ ለአንድ ሊትር ቤንዚን 20 ሚሊ ሊትር የሁለት ስትሮክ ዘይት፣ ለ5 ሊትር 100 ነው።

ባለመጋዙ
ማንሻዋን ልኳ ላይ አድርጌ ገጠምኩት፣ 0.8 ላይ ጌጁ ንቅንቅ አላለም። ሞልቼ አሳደርኩት፣ ስሩ ደረቅ ነው፣ ፊልትሮውም ደረቅ። ሞተሩ ይነሳል፣ ግን አሁን ነዳጅ ስሰጠው ትንሽ ያንገራግራል፣ ሰንሰለቱም ሚኒሞ ላይ ቀስ ብሎ ይዞራል።

ባለ ወርክሾፕ
እንኳን ደስ አለህ! እሱ የሚጠበቅ ነው፣ ብሎኖቹ የተስተካከሉት ለሚያፈስ መርፌ ስለነበር ነው። አሁን ነው የጥድ ልጅ ያላቸውን ብሎኖች መንካት ያለብህ። መጀመሪያ ፊልትሮው ንጹህ ይሁን፣ ሞተሩም ይሙቅ። ኤልን ቀስ እያልክ ክፈት፣ ነዳጅ ስትሰጠው ሳያንገራግር እስኪነሳልህ ድረስ፣ በየጊዜው ሩብ ዙር እንኳን አይሙላ። ከዛ የሚኒሞውን ብሎን ሰንሰለቱ ሙሉ በሙሉ እስኪቆም ድረስ አላላው፣ ሚኒሞ ላይ በሚዞር ሰንሰለት አትስራ። ኤችን ደግሞ ድምፁ እንዲጠራ ብለህ አትዝጋው፣ ቤንዚን ያነሰው ሞተር ዘይትም ያንሰዋልና ፒስተኑ ይነክሳል። እንጨት ሳይነካ ሙሉ ስትሰጠው ድምፁ ትንሽ የተሰባበረ ይሁን፣ እንጨቱ ውስጥ ሲገባ ያ ስብራት ጠፍቶ ከጠራ ልኩ እሱ ነው፣ እዛው ተወው።